ጠጠር፣ ጭራሮና ፍሬ፦ ከደጅ የሚገኙ የመማሪያ ዕቃዎች

ጠጠር ለአንድ ነገር ተብሎ የተሠራ ዕቃ አይደለም። የፕላስቲክ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ መኪና ሆኖ ወጥቷል፤ በፕላስቲክ የተቀረጸ የ5 ቁጥርም ከ5 ሌላ መሆን አይችልም። ጠጠር ግን ጠዋት በግ ሆኖ ይነዳል፣ ቀትር ላይ ገንዘብ ሆኖ ይገዛበታል፣ ከሰዓት በኋላ ገበጣ ውስጥ ይዘራል። ጭራሮ፣ ባቄላ፣ ቅጠል፣ ጭቃ፣ የአገዳ ቁራጭ፣ የባሕር ዛፍ ፍሬም እንዲሁ ናቸው። ምን እንደሆኑ የሚወስነው የያዛቸው ልጅ ነው።

በትምህርት ቤት የጊዜ ሰሌዳ ላይ ሒሳብ፣ አማርኛ፣ አካባቢ ሳይንስና ሥነ ጥበብ የየራሳቸው ክፍለ ጊዜ አላቸው። የ5 ወይም የ6 ዓመት ልጅ ቀኑን እንዲህ አይከፋፍለውም። ደጅ ቁጭ ብላ ጠጠሮቿን «በጎች» እያለች የምታግድ ልጅ ነጩን ከጥቁሩ ስትለይ እየመደበች ነው፤ ሲመሽ በረት ስታስገባቸው ጎደለ አልጎደለ ብላ ትቆጥራለች፤ የጠፋችውን በግ ፍለጋ ስትወጣ ደግሞ ተረት ጀምራለች። አዋቂው ሦስት ትምህርት የሚያይበት ቦታ ላይ ለእሷ ያለው አንድ ጨዋታ ነው። በእርግጥ ጨዋታው ብቻውን ሁሉን አያስተምርም። መምህሩ የት ላይ ገብቶ ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት፣ የት ላይ ደግሞ ዝም ማለት እንዳለበት ማወቁ ብዙ ይወስናል።

ጨዋታን ከትምህርት ጋር በሥርዓት ካቆራኙት ሰዎች አንዱ ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮብል (እ.ኤ.አ. ከ1782 እስከ 1852) ነው። በወጣትነቱ በርሊን ውስጥ በማዕድናት ሙዚየም ሠርቶ የክሪስታሎችን ቅርጽ አጥንቷል፤ ከዚያ የወሰደው የቅርጽ ፍቅር እስከ መጨረሻው አልተለየውም። እ.ኤ.አ. በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ በተባለች ከተማ የትንንሽ ልጆች ተቋም ከፈተ፤ በ1840 ደግሞ ትርጉሙ «የልጆች የአትክልት ስፍራ» የሆነውን ኪንደርጋርተን የሚለውን ስም አወጣለት። ስሙ እንዲያው ለጌጥ የወጣ አልነበረም፤ ልጆቹ በእንጨት ኳስና ኪዩብ ከመጫወታቸው ሌላ የየራሳቸው መደብ ነበራቸው፣ ይዘሩበትም ነበር። ጣሊያናዊቷ የትምህርት ሊቅ ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ በድሆች ሰፈር የልጆች ቤት ስትከፍት፣ ልጅ በእጁ እየዳሰሰ እንዲማር የሚያደርጉ ዕቃዎችን አዘጋጀች። እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ እንግሊዛዊው ሳይመን ኒኮልሰን ሐሳቡን አንድ እርምጃ ወደፊት ወሰደው፦ በአንድ ስፍራ ልጆች ሊያነሷቸው፣ ሊያዛውሯቸውና ሊለዋውጧቸው የሚችሉ ልቅ ነገሮች በበዙ መጠን የልጆቹ የፈጠራ ዕድል ይሰፋል አለ። የኢትዮጵያ ገጠር ልጅ ይህን ሐሳብ ከየትም ሳያነብ ኖሮበታል።

ጠጠርን ከዕውቀት ጋር የሚያያይዘውን ነገር ከሁሉ በግልጽ ያስረዳው ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ (እ.ኤ.አ. ከ1896 እስከ 1980) ነው። ፒያዤ ደጋግሞ የሚተርከው የአንድ የሒሳብ ሊቅ ወዳጁ የልጅነት ትዝታ አለ። ወዳጁ 4 ወይም 5 ዓመት ገደማ ሳለ አትክልት ቦታ ተቀምጦ ጠጠር ደረደረና ቆጠረ፤ 10 ሆነ። ከሌላው ጫፍ ጀምሮ ቆጠረ፤ አሁንም 10። በክብ አደረጋቸውና ዞሮ ቆጠረ፤ ያው 10። ልጁ በደስታ ፈነደቀ። ፒያዤ ከዚህ የሚያወጣው ነጥብ ትልቅ ነው፦ ክብደት፣ ቀለምና ልስላሴ ከጠጠሩ ላይ ይገኛሉ፤ «ቅደም ተከተሉ ቢለወጥም ድምሩ አይለወጥም» የሚለው ዕውቀት ግን ጠጠሩ ላይ የለም። ያ የተገኘው ልጁ በጠጠሮቹ ላይ ካደረገው ድርጊት ነው። ጠጠር ገዝቶ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ሒሳብ የማያስተምረውም ለዚህ ነው፤ እጅ ካልነካው፣ ካልደረደረውና ካልበተነው ጠጠር ድንጋይ ብቻ ነው።

ወደ ሒሳብ ከተገባ ገበጣን የሚያህል የለም። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ያሉትን በርካታ የአጨዋወት ዓይነቶች መዝግቧል፤ በአንዱ አካባቢ ጉድጓዶቹ በሁለት ረድፍ፣ በሌላው በሦስት ረድፍ ይሆናሉ። በሁለት ረድፍ 6፣ 6 ጉድጓድ ተቆፍሮ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር የሚደረግበትን እንውሰድ። ገና ጨዋታው ሳይጀመር 12 ጊዜ 4 ተብሏል፤ 48 ጠጠር መልቀም ስላለባቸው ልጆቹ የማባዛት ሰንጠረዥ ሳያዩ በአራት አራት ይቆጥራሉ። ተጫዋቹ ከአንድ ጉድጓድ ያለውን በሙሉ ያፍስና ከሚቀጥለው ጀምሮ በየጉድጓዱ አንድ አንድ ይዘራል። ለአንድ ጉድጓድ አንድ ጠጠር ማለት ለአንድ ቃል አንድ ነገር ማለት ነው። ቁጥር እንደ ዜማ ከ1 እስከ 20 በቃሉ የሚወርድ፣ ጣቱ ግን ከምላሱ ጋር የማይገጥም ልጅ እዚህ ላይ ቀስ በቀስ ይገጥምለታል።

ጥልቁ ነገር የሚመጣው ትንሽ ቆይቶ ነው። ከአንድ ጉድጓድ 12 ጠጠር ያነሳ ልጅ ዞሮ ዞሮ የመጨረሻውን ጠጠር እዚያው ከተነሳበት ጉድጓድ ይጥላል። 13 ካነሳ አንድ ጉድጓድ ያልፋል። 25 ቢሆንለትስ? ሁለት ዙር ዞሮ አሁንም አንድ ነው የሚያልፈው። ለመጨረሻው ጠጠር ማረፊያ 13ና 25 አንድ መሆናቸውን ያስተዋለ ልጅ፣ 25 ለ12 ሲካፈል 2 ደርሶ 1 ይቀራል የሚለውን ከመማሩ ከዓመታት በፊት ቀሪ የሚባለውን ነገር በእጁ ይዞታል። ጨዋታው አልቆ አንዱ 27 ከያዘ ሌላው ሳይቆጥር 21 እንዳለው የሚናገር ልጅም ይገኛል፤ እንዴት አወቅህ ቢባል «አርባ ስምንት ነበሩ እኮ» ይላል።

ቅልብልቦሽ ከገበጣ ያነሰ ክብር ይሰጠዋል፤ የልጃገረዶች ጨዋታ ነው ተብሎ መምህራን ዘወር ብለው የማያዩት ስፍራም አለ። ያሳዝናል። በ5 ጠጠር ሲጫወቱት አንዱ ወደ ላይ ይወረወርና እስኪመለስ መሬት ያሉት 4 ይለቀማሉ፦ መጀመሪያ አንድ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስትና አንድ፣ በመጨረሻ አራቱም ባንዴ። 4 የሚባለው ቁጥር በስንት መንገድ እንደሚከፋፈል ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ የሒሳብ ገጽ ማግኘት ይቸግራል። ከዚያም በላይ ዓይንና እጅን ያስተባብራል፤ ጠጠር ከአየር ላይ የሚቀልቡ ጣቶች እርሳስ ለመያዝ ብዙ አይቸገሩም።

ጭራሮ ደግሞ ጠጠር የማይችለውን አንድ ነገር ይችላል፤ ይታሰራል። ልጆች እኩል አድርገው የሰበሩትን ጭራሮ አሥር አሥሩን በሰንበሌጥ ወይም በክር ያስሩት። 34 ማለት 3 እስርና 4 ልቅ ጭራሮ ነው። አሁን 8 ይቀነስ ቢባል ልቆቹ 4 ብቻ ናቸው፤ አይበቁም። አንዱ እስር መፈታት አለበት። ተፈትቶ ከ4ቱ ጋር ሲቀላቀል 14 ይሆናል፣ 8 ሲወጣ 6 ይቀራል፣ ያልተፈቱት 2 እስሮች ሲጨመሩ 26። በሰሌዳ ላይ «መበደር» የሚባለውና ብዙ ልጆች ለምን እንደሆነ ሳይገባቸው የሚሸመድዱት ነገር ይኸው ነው፦ ክር መፍታት።

ያው ጭራሮ ከሒሳብ ወደ ፊደል ሲሻገር ማንም ፈቃድ አይጠይቅም። የአማርኛ ፊደል ገበታ ለጀማሪ ልጅ ማለቂያ የሌለው ይመስላል፤ ሥርዓቱ ግን በሦስት ጭራሮ ይታያል። ሁለት እግርና አንድ ጣራ «በ» ይሆናል። አንድ አጭር ስባሪ በቀኝ እግሩ ወገብ ላይ ሲለጠፍ «ቡ»፤ ያው ስባሪ ወደ እግሩ ጫፍ ሲወርድ «ቢ»፤ ስባሪው ተነስቶ በቦታው አንዲት የባቄላ ፍሬ ስትቀመጥ «ቤ»። የግራው እግር ሲያጥር «ባ»፣ የቀኙ ሲያጥር «ቦ»። ልጁ ስድስት ፊደል አልሸመደደም፤ አንድ ፊደል ወስዶ ለወጠው። «ሰ» ላይ ሲሞክረው ይሠራል፣ «ሸ» ላይም ይሠራል፣ «ለ» ላይም እስከ «ሌ» ድረስ ይሄድለታል። «ሎ» ላይ ሲደርስ ግን እግር ማሳጠሩ ቀርቶ አናቱ ላይ ክብ ይመጣል፤ «ረ»ና «ፈ» ደግሞ የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ሥርዓቱን በእጁ ያገኘ ልጅ ከሥርዓቱ የወጣውን ፊደል ሲያይ ይገረማል፤ የተገረመበትን ደግሞ አይረሳውም። ጭራሮ ባይኖር ጣትና አሸዋ፣ ወይም በአመድ የተሸፈነ ምጣድ ይበቃል። አሸዋ ስህተትን በመዳፍ አንድ ጊዜ ጠረግ አድርጎ ያጠፋል፤ ደብተር ግን በላጲስ ይቀደዳል፣ ልጁም ይሸማቀቃል።

ቋንቋ ከፊደል በላይ ነውና ዕቃው ለንግግርም ያገለግላል። አንዷ ልጅ አንድ ነገር ከኋላዋ ደብቃ «እንቆቅልሽ» ትላለች፤ ሌሎቹ «ምን አውቅልሽ» ይላሉ። የደበቀችው የግራር ፍሬ ቢሆን ስሙን ሳትጠራ መግለጽ አለባት፦ ሲነቀነቅ የሚንኮሻኮሽ፣ ፍየል የሚወደው፣ ጠማማ። ሸካራ፣ ለስላሳ፣ ሞላላ፣ ሹል፣ ዝርግ የሚሉ ቃላት ከመጽሐፍ ሲነበቡ ባዶ ናቸው፤ ዕቃው መዳፍ ውስጥ እያለ ሲነገሩ ግን ይጣበቃሉ። ሰኞ ማክሰኞ የሚባለው ጨዋታም የሳምንቱን ቀናት በእግር ያስቆጥራል፤ የሚወረወረው ገል ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ከመስመር ወጣ አልወጣ በሚለው ክርክር ደግሞ ልጆች ማስረዳትና መከራከር ይለምዳሉ።

አካባቢ ሳይንስ ላይ ዕቃዎቹ ራሳቸው ትምህርት ይሆናሉ። ባቄላና ቦሎቄ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ያድሩ። ሃይላንድ የሚባለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ከወገቡ ይቆረጥና በውስጡ ዙሪያውን እርጥብ ወረቀት ይደረግ፤ ፍሬዎቹ በወረቀቱና በፕላስቲኩ መካከል ሲቀመጡ መሬት ውስጥ የሚሆነው ሁሉ በግልጽ ይታያል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሁለቱም መጀመሪያ የሚወጣው ሥር ነው፤ ቅጠል ይወጣል ብለው የጠበቁ ልጆች ይደነቃሉ። ቀጥሎ ልዩነት ይመጣል። ባቄላው ክኮቹን ከታች ትቶ ቡቃያውን ብቻ ወደ ላይ ይልካል፤ ቦሎቄው ግን ሁለቱን ክኮች በአንገቱ ተሸክሞ ይወጣል። ክክን በእናቱ ጓዳ የሚያውቀው ልጅ፣ የሚበላው ክክ ለቡቃያው የተቀመጠ ስንቅ መሆኑን እዚህ ያያል፤ ቡቃያው ሲያድግ ክኮቹ እየሟሸሹ ይሄዳሉና። አሁን ሃይላንዱ በጎኑ ይጋደም። በአንድ ሁለት ቀን ሥሩ ታጥፎ ወደ መሬት መውረድ ይጀምራል። ታች የት እንደሆነ ማን ነገረው የሚለውን ጥያቄ ልጆቹ ራሳቸው ይጠይቃሉ፤ መምህሩ ቸኩሎ ባይመልስ ጥሩ ነው። በየቀኑ የሥሩ ርዝመት በጭራሮ እየተለካ ቢመዘገብ ሳይንሱ ወደ ሒሳብ ይመለሳል።

ዱላ መሬት ላይ ተተክሎ ጥላውን መከታተል ሌላ ቀላል ሥራ ነው፤ ሆኖም በብዙ የውጭ መጻሕፍት የተጻፈው ለኢትዮጵያ ሰማይ አይሠራም። በአውሮፓ የቀትር ጥላ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሰሜን ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስላለች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናቷ ታልፋለች። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀሩት ወራት ወደ ሰሜን። የ1 ሜትር ዱላ በታኅሣሥ አጋማሽ 63 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል፤ በሰኔ አጋማሽ፣ ክረምቱ ደመና ካልያዘው፣ 26 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ። በየወሩ የጥላው ጫፍ ላይ አንድ ጠጠር ያኖሩ ልጆች በዓመቱ መጨረሻ በግቢያቸው ውስጥ የዓመቱን ካርታ ያገኛሉ። ሌላም ነገር ይገጥማቸዋል፦ አዲስ አበባ ላይ ጥላው ከሁሉ የሚያጥረው ልክ በ6 ሰዓት አይደለም፤ ከ6 ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ ነው። የሀገሪቱ ሰዓት የተቀመጠው ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ላለ መስመር ስለሆነ ፀሐይ ዘግይታ ትደርሳለች። የጂኦግራፊ ትምህርት ከዚህ በላይ በር ሊከፈትለት አይችልም።

ድንጋይም ይጠየቃል። የወንዝ ድንጋይ ለምን ክብ ሆነ? ባልጩት ለምን እንደ ጠርሙስ ይቆርጣል? በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የሚገኘው ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውኃ ላይ ሲጣል ይንሳፈፋል፤ «ድንጋይ ይሰምጣል» ብለው በእርግጠኝነት የተናገሩ ልጆች ዓይናቸውን ማመን ያቅታቸዋል። መልሱ ክብደት ብቻ እንዳልሆነ፣ በውስጡ የታሰረው አየር እንደሆነ ለመረዳት ብዙ ዕቃ እየጣሉ መሞከር ይኖርባቸዋል።

የበቆሎና የማሽላ አገዳ የመሐንዲስ ዕቃ ነው። ልጆች ቅርፊቱን ልጠው ልቡን ቆራርጠው በስንጥር ወይም በእሾህ እየሰኩ ቤትና መኪና ይሠራሉ። አራት ማዕዘን አድርገው የሰኩት ክፈፍ ሲገፋ ይጋደማል፤ በሰያፍ አንድ አገዳ ሲጨመርበት ጸጥ ብሎ ይቆማል። ሦስት ማዕዘን ጎኖቹ ሳይሰበሩ ቅርጹን መለወጥ አይችልም። ቀና ብሎ የጎጆ ጣሪያ ውቅርን ያየ ልጅ ይህንኑ ምስጢር እላይ ያገኘዋል። ሸንበቆ በተለያየ ርዝመት ተቆርጦ ሲነፋ ደግሞ ረጅሙ ወፍራም፣ አጭሩ ቀጭን ድምፅ ያወጣል፤ ሙዚቃው የርዝመት ትምህርት ሆነ ማለት ነው።

ከደጅ የሚመጣ ሁሉ ግን ለልጅ እጅ አይሆንም። የጉሎ ፍሬ ዥንጉርጉርና የሚያምር በመሆኑ ልጆች ይወዱታል፤ ውስጡ ግን ብርቱ መርዝ አለው፣ ለመቁጠሪያ ፈጽሞ መቅረብ የለበትም። የአስተናግር ፍሬም እንዲሁ። የቁልቋልና የቅንጭብ ነጭ ወተት ዓይን ይጎዳል። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ባቄላና ትናንሽ ጠጠር ጉሮሮ ሊዘጋ ስለሚችል ከእንቁላል የሚተልቅ ዕቃ ይመረጥለት። ጠጠር ለቀማ ሲወጣ ቢልሃርዚያ ባለበት አካባቢ ውኃ ውስጥ መግባት አይገባም። አፈርና ጭቃ ከተነካ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ በቀይ አፈር ደጋማ ስፍራዎች ባዶ እግር መሄድ ለዓመታት ሲደጋገም ዝሆኔ የሚባለውን የእግር እብጠት ሊያመጣ ስለሚችል ጫማ ማድረግና እግር መታጠብ ያስፈልጋል።

የመምህሩ ዋና ሥራ ዕቃ ማከፋፈል ሳይሆን ጥያቄ መምረጥ ነው። «ስንት ናቸው?» የሚለው ጥያቄ አንድ መልስ አግኝቶ ያልቃል። «እንዴት አወቅሽ?»፣ «በሌላ መንገድ መደርደር ይቻላል?»፣ «አንዱን ብሸሽገው ስንት እንደሸሸግኩ ታውቃለህ?» የሚሉት ጨዋታውን ይገፉታል። በሌላ በኩል ልጅ በሐሳብ ተውጦ በጎቹን በሚያግድበት ጊዜ «ቆጥረህ ንገረኝ» ብሎ መግባት ጨዋታውን ይገድለዋል፤ በሚቀጥለው ቀን ያ ልጅ ጠጠሩን የሚያነሳው የመምህር ሥራ አድርጎ ነው። 60ና 70 ልጅ በሚቀመጥበት ክፍል ሁሉን መከታተል አይቻልም። በቡድን 5 ወይም 6 ሆነው አንድ ጣሳ ጠጠር ቢሰጣቸው ግን መምህሩ በቀን ሁለት ቡድን ቀርቦ ሊያይ ይችላል፤ ሌሎቹ እርስ በርስ ይማማራሉ።

ከጠጠር ወደ ምልክት የሚወስደውም መንገድ በራሱ አይጠረግም። በጠጠር 8ና 5ን ደምሮ 13 የሚል፣ በደብተሩ ላይ «8 + 5» ሲያይ ግን ሌላ ቋንቋ የሆነበት ልጅ ብዙ ነው። ስለዚህ ጨዋታውና ጽሕፈቱ ጎን ለጎን መሄድ አለባቸው፦ ጠጠሩን ደርድሮ ሥዕሉን መሣል፣ ከሥዕሉ ሥር ቁጥሩን መጻፍ። ከጊዜ በኋላ ሥዕሉ ብቻ ይበቃል፣ ከዚያም ቁጥሩ ብቻ። ይህን ለማጣደፍ ጣት የሚቆጥርን ወይም ጠጠር የሚፈልግን ልጅ ማሳፈር ጉዳቱ ብዙ ነው፤ ያልጨረሰበትን ነገር ደብቆ ይቆጥራል እንጂ አይተወውም።

መቼ እንደጨረሰ ገበጣው ላይ ይታያል። ጀማሪ ልጅ ጠጠሩን አንስቶ፣ ዘርቶ፣ የት እንዳረፈ አይቶ ነው የሚያውቀው። ትንሽ የበረታው በጣቱ ጉድጓዶቹን እየነካ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይቆጥርና ከዚያ ያነሳል። የበሰለው ግን እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ገበጣውን ዝም ብሎ ያያል፤ አይቶ ሲያበቃ ከጉድጓዶቹ አንዱን ብቻ ይመርጣል፣ የመጨረሻው ጠጠርም ካሰበው ቦታ ላይ ያርፋል።